ስንተኛ ወጣህ?

ተነጋጋሪዎቹ መጀመሪያ ሁለት ናቸው፤ ኋላ ሦስት ይሆናሉ። አንዷ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የመንግሥት የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ሌላው በልጅነቷ ያስተማሯት መምህር ሲሆኑ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ሆነዋል። የመጣችው ዕድሩ የወላጆችን ስብሰባ እንዲያስታውቅላት ለመጠየቅ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን "እሺ" ብለው ሰው የሚሸኙ ዓይነት አይደሉም።

ዳይሬክተሯ፦ ብዙ አላስቸግርዎትም ጋሼ። በሚቀጥለው እሑድ ዕድርተኛው ሲሰበሰብ፣ "ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀሩ" ብለው ቢናገሩልኝ ነው። ደብዳቤ በልጆቹ እልካለሁ፤ ግን ግማሹ ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ ይቀራል።

ጡረተኛው፦ መናገሩን እናገራለሁ። አጀንዳው ምንድን ነው?

ዳይሬክተሯ፦ የመንፈቀ ዓመቱ ሪፖርት፣ የተማሪዎች ሥነ ምግባር፣ የአጥር እድሳት፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች።

ጡረተኛው፦ መዋጮው "ልዩ ልዩ" ውስጥ ነው ወይስ አጥሩ ውስጥ?

ዳይሬክተሯ፦ አጥሩ ውስጥ። ምን ላድርግ ጋሼ፣ አጥሩ ወድቋል! "ትምህርት ለትውልድ" ከተባለ ወዲህ ሁሉም ትምህርት ቤት የሚታደሰው ማኅበረሰቡን አስተባብሮ ነው። እኔ ዝም ብል ደግሞ "ዳይሬክተሯ ሰነፍ ናት" ይባላል።

ጡረተኛው፦ መዋጮውን አልጠላሁም፤ እኔም አዋጣለሁ። ግን ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ወይ ገንዘብ ሲፈለግ ወይ ልጁ ሲያጠፋ ሆነ። "ወላጅ አምጣ!" ስንል ኖርን፤ ልጁም ወላጅ ማለት ቅጣት መሆኑን በዚያው ተማረ። አንዴማ አንዱ ሎተሪ አዟሪ ይዞ "አጎቴ ነው" ብሎኝ መጣ። ሰውየው ከእኔ ብሶ ተቆጣው፣ ጆሮውን ቆነጠጠው፣ ሲወጣ ለእኔ አንድ ዕጣ ሸጦልኝ ሄደ።

ዳይሬክተሯ፦ እኛም ሊስትሮ እንከራይ ነበር። ለእርስዎ ክፍል ግን አልደፈርንም።

ጡረተኛው፦ ደፍራችኋል። እያወቅሁ ነው ያለፍኳችሁ።

ዳይሬክተሯ፦ (እየሳቀች) ይሁን። ግን እኮ መመሪያው ለወላጅ ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራርና የሕብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ፣ ወላጆችና መምህራን በኅብረት ሆነው የትምህርት ቤቱን ዕቅድ እንዲያወጡ፣ ገንዘቡንም እንዲከታተሉ ነው የሚለው። የቀበሌ የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ። ኋላ ደግሞ ተማሪው ተጨምሮ ኅብረቱ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ሆነ።

ጡረተኛው፦ አውቃለሁ፤ ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የወረዳው ተወካይ ይናገራል። ሲጨርስ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ አንቺ ሪፖርት ታነቢያለሽ። ከዚያ "አስተያየት ያላችሁ" ይባላል፤ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ሰዎች ናቸው። እናቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ጉልት ላይ የተዉትን ሽንኩርት ያስባሉ። በመጨረሻ "በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል" ብዬ እጽፋለሁ። ምን ላይ እንደተስማሙ ብትጠይቂያቸው አንዳቸውም አይነግሩሽም።

ዳይሬክተሯ፦ ወላጅ ሁሉ እንዲህ አይደለም። የግል ትምህርት ቤቶቹን አላዩም? አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ነው የሚሰማው።

ጡረተኛው፦ መቼ? ክፍያ ሲጨመር!

(እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ከአዛውንቱ ጋር ነው። በየዓመቱ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች በክፍያ ጭማሪ ከወላጆች ጋር ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው "ወላጅ ግድ የለውም" ለማለት አይደፍርም። ነገሩ የገባው ወላጅ እስኪመሽ ይከራከራል። በዚያ ሁሉ ክርክር መሐል ግን "ለዚህ ብር ልጄ ምን ማንበብ ቻለ?" ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይሰማም።)

ዳይሬክተሯ፦ በእኛ ትምህርት ቤት ክፍያ የለም። ከተማው ደብተሩንም ዩኒፎርሙንም ይሰጣል፣ ልጆቹ ቁርስና ምሳ ይበላሉ። ወላጁ እንግዲህ ምን ቀረኝ ይላል። አንድ ቀን ብቻ ነው ሳይጠራ የሚመጣው፤ ካርድ ሲሰጥ።

ጡረተኛው፦ ካርዱን ሲቀበል ምን ይጠይቃል?

ዳይሬክተሯ፦ ምን ይጠይቃል... "ስንተኛ ወጣ?" ነዋ።

ጡረተኛው፦ በይ እዚያ ላይ ቁሚልኝ። "ስንተኛ ወጣህ?" ጎረቤት ይጠይቃል፣ እንግዳ ይጠይቃል፣ የንስሐ አባቱም ይጠይቃሉ። ደረጃው የሚነግርሽ ልጁ አጠገቡ ካሉት መብለጡን ነው። አጠገቡ ያሉት ምን እንደሚያውቁ ግን ከየት ታውቂያለሽ? የ2014ን የ12ኛ ክፍል ውጤት ታስታውሻለሽ?

ዳይሬክተሯ፦ እንዴት እረሳዋለሁ። ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ።

ጡረተኛው፦ ሌላም ቁጥር ነበረው። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። እስቲ አስቢው። በእነዚያ በ1,161ዱም ውስጥ እኮ አንደኛ የወጣ ልጅ አለ! ካርዱ ላይ "1ኛ" ተብሎ ተጽፎለታል፤ ሰኔ ላይ ተሸልሟል፤ እናቱ እልል ብላለታለች፤ ሰፈሩ "ዶክተር" እያለ ጠርቶታል። ማንም አልዋሸውም፤ አንደኛ መሆኑ እውነት ነው። ፈተናው ሲመጣ ግን እሱም ከሃያኛው ጋር አብሮ ወደቀ።

ዳይሬክተሯ፦ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተሽሏል። በ2015 3.2 ነበር፤ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደርሷል።

ጡረተኛው፦ ይሁን፣ ተሽሏል። ግን ወሬያችን ሁሉ 12ኛ ክፍል ላይ ነው። ሬዲዮው ስለ 12ኛ፣ ታክሲው ስለ 12ኛ። ድስት ጥዶ ማልቀስ ማለት ይሄ ነው። ያ ልጅ የወደቀው 12ኛ ክፍል ነው እንዴ?

ዳይሬክተሯ፦ አይደለም፤ ታች ነው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በስድስት ቋንቋ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተለክቶ ነበር። ከ2ኛ ክፍሎቹ ሲሶው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻለም። አዲስ አበባ ከሌላው ትሻል ነበር። ግን ዛሬም ክፍል ገብቼ ሳዳምጥ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በዜማ የሚወጣው ልጅ ሌላ ገጽ ስከፍትለት ዓይኑን ጣራ ላይ ይሰቅላል። በ1986ቱ ፖሊሲ ደግሞ እስከ 3ኛ ክፍል መድገም አልነበረም፤ ልጁ ይዛወር ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ መምህሩ በየጊዜው እየመዘነ የደከመውን ይደግፋል ተብሎ ነው። ስድሳ ልጅ የያዘች መምህርት የትኛውን መዝና የትኛውን ትደግፍ?

ጡረተኛው፦ ዓመቱን አስልተሽዋል? በ2014 የተፈተነው ልጅ፣ ሳይደግም ከመጣ፣ 2ኛ ክፍል የነበረው በ2004 ነው። ልኬቱ ከተካሄደ ገና ሁለት ዓመቱ። ይህን ያህል ቀደም ብሎ ተነግሮናል እኮ! ሚኒስቴሩ ሰማ፣ ለጋሾቹ ሰሙ፣ ሰነድ ተጻፈ፣ ዐውደ ጥናት ተደረገ። የልጁ እናት ብቻ ሳትሰማ ቀረች። እሷ "ስድስተኛ ወጣ" ተብላ ተሸኘች።

ዳይሬክተሯ፦ ብትሰማስ ጋሼ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ራሷ ፊደል ያልቆጠረች እናት ምን ታደርጋለች?

ጡረተኛው፦ በ1967 ለእድገት በኅብረት ስዘምት የደረስኩበት መንደር ውስጥ ካሉት አዋቂዎች ፊደል የሚያውቁት ቄሱ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ግን ልጃቸው መማሩን የሚያውቁበት ዘዴ ነበራቸው። ከከተማ የመጣ ደብዳቤ ወይም የግብር ደረሰኝ ያወጡና "እስቲ አንብብልኝ" ይሉታል። ሳያደናቅፈው ካነበበ ተምሯል። ከተንተባተበ፣ ወይም ከራሱ እየፈጠረ ከተናገረ፣ ፊቱን አይተው ያውቁበታል። ፊደል ባያውቁ ፊት ማንበብ ያውቃሉ። ኋላ ካርድ መጣና ያንን ዳኝነት ከእጃቸው ወሰደው። ዛሬ እናትየው ስልኳ ላይ ከባንክ መልእክት ሲገባ የምታስነብበው ጎረቤቷን ነው። ልጇ 4ኛ ክፍል ነው፤ ለምን እሱን አታስነብበውም?

ዳይሬክተሯ፦ አንዳንዷ ታስነብባለች... (ዝም ብላ ቆይታ) መጀመሪያ የተመደብኩት ዱራሜ አካባቢ እንደነበር ያውቃሉ። ከምባታ ውስጥ የቦጋለች ገብሬ ድርጅት፣ ኬኤምጂ፣ የሴት ልጅ ግርዛትን በውይይት ነው የታገለው። ሰዉ እንዴት እንደተጀመረ ሲያወራ የሰማሁትን ልንገርዎት። ቦጋለች መጀመሪያ ስለ ግርዛት አልተናገረችም። "ምን ቸገራችሁ?" ስትል "ድልድይ" አሏት። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሰዉ ወደ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ። ሌላው ጨዋታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አወያዮቹ ከዚያው ከመንደሩ የወጡ ወንድና ሴት ናቸው። በወር ሁለት ጊዜ ይቀመጣሉ። ሽማግሌው ይናገራል፣ አራስዋ ትናገራለች፣ ያልተገረዘችው ልጅም ትናገራለች። በአንድ ቀን አልተቋጨም፤ ስንት ጊዜ ተጣልተው ተመልሰውበታል። በ2005 ዓ.ም. የቤልጂየሙ የንጉሥ ቦዱዋን ፋውንዴሽን ሸልሟታል። እኔን የገረመኝ ግን እዚያ ተቀምጦ ሪፖርት የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው።

ጡረተኛው፦ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ የመንፈቅ ሪፖርት ይዘሽብኝ ትመጫለሽ?

ዳይሬክተሯ፦ ወረዳው የሚጠይቀኝ ሪፖርቱን ነዋ! ስንት ወላጅ ተገኘ፣ ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት፣ ስንት ብር ቃል ተገባ። ሰዉ ምን እንደተባባለ የሚሞላበት ቅጽ የለኝም።

ጡረተኛው፦ ቅጹን ሙዪላቸው፤ ሰዉን ግን አወያዪው። የሚወያይበት ነገር ስጪው። ሕንዶች ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያደርጉት አለ፤ "አሰር" ይሉታል። በጎ ፈቃደኞች በገጠር ቤት ለቤት ይሄዱና ለልጁ አንዲት ገጽ ይሰጡታል። ገጿ ላይ ፊደላት አሉ፣ ቃላት አሉ፣ አጭር አንቀጽ አለ፣ አንድ አጭር ታሪክ አለ። ልጁ የቱ ጋ እንደቆመ ቤቱ ውስጥ፣ ቤተሰቡ እያየ ይታወቃል። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳም "ኡዌዞ" ብለው ወሰዱት። የኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ ከገበታው ጀምረሽ እስከ ተረት ትሄጃለሽ። አንዲት ወረቀት ናት። ኮፒዋ ከአጥሩ አይበልጥም።

ዳይሬክተሯ፦ እና ቅዳሜ ልጆቹን አዳራሽ ፊት አቁሜ ላስነብብ?

(የአዛውንቱ የልጅ ልጅ ሻይ ይዞ ገብቶ ነበር። ሰርቪሱን አስቀምጦ መውጣት ሲገባው ቆሞ ቀረ።)

ወጣቱ፦ ይቅርታ ቲቸር፣ እንደሱ እንዳያደርጉ።

ጡረተኛው፦ አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው የሰው ጨዋታ ውስጥ የምትገባው?

ዳይሬክተሯ፦ ይናገር ጋሼ። የኛ ትምህርት ቤት ልጅ አይደለም እንዴ?

ወጣቱ፦ 4ኛ ክፍል እያለሁ ጠዋት ሰልፍ ላይ ለሚኒ ሚዲያ አንድ ወረቀት እንዳነብ ወጣሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጠፋብኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሸምደድ ጀመርኩ። ጎበዝ ከሆነው ልጅ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እሱ ሲያነብ በጆሮዬ እይዘዋለሁ። ስጠራ እንደማነብ ሆኜ በቃሌ እወጣዋለሁ። ካርዴ ላይ ሰባተኛ ነበርኩ። አባባ መቶ ብር ሸልመውኛል።

ጡረተኛው፦ ... መቶ ብር?

ወጣቱ፦ አዎ። ከፍ ያለ ክፍል ስገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ሽምደዳውም አላዋጣ አለ። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስንፈተን ፍተሻው፣ ስልክ መከልከሉ፣ ዶርም ማደሩ አልነበረም የከበደኝ። ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባኝ የመሰለኝን አጠቁሬ ወጣሁ። ሰፈር ስመለስ ሰው ሁሉ "ስንት አመጣህ?" አለኝ። "ምን አቃተህ?" ያለኝ ግን የለም። አሁን ኮሌጅ ገብቼ ኤሌክትሪክ እየተማርኩ ነው። ማንዋሉን በስልኬ እየተረጎምኩ ቀስ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ዘንድሮ ነው።

ዳይሬክተሯ፦ አንድ ቀን እንኳ ለመምህርህ ብትነግራት...

ወጣቱ፦ ምን ብዬ ቲቸር? ሰባተኛ የወጣ ልጅ ማንበብ አልችልም ይላል? ደግሞ ስለኛ ስብሰባ ሲጠራ እኛ የምንገባው ወንበር ስናመላልስ ነው። ወንበሩን ደርድረን እንወጣለን።

ጡረተኛው፦ ጥሩ። ተቀመጥ እንግዲህ። ሰልፍ ላይ አይሁን ካልክ የት ይሁን?

ወጣቱ፦ ቤት። ማታ፣ እናቱና እሱ ብቻ። ቅዳሜ ወላጆቹ ወረቀቷን ይውሰዱ፤ እንዴት እንደምታስነብብ ይለማመዱ፤ ስትሄድ ልጇን ታስነብበው። ማንበብ የማትችለው እናት ጋ ደግሞ እኛ እንሂድ። እኛ ሰፈር 12ኛ ጨርሶ ውርርድ ቤት በር ላይ የሚውል ስንት አለ መሰልዎት። ግማሹ ቢመጣ ይበቃል።

ዳይሬክተሯ፦ እናንተን ማን ቤቱ ያስገባል?

ወጣቱ፦ ዕድሩ ካለ ያስገባሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን የምንተክለው እኛ አይደለን?

ጡረተኛው፦ ይሄ ይሆናል። ከሁለት ሁለት ልጅ ጋር አንድ ትልቅ ሰው አብሮ ይዞራል።

ዳይሬክተሯ፦ ቆይ፣ አትፍጠኑብኝ። ሁለታችሁም የረሳችሁት አለ። እናትየው ልጇ እንደማያነብ ባወቀች ማግስት የምትመጣው ማን ጋ ነው? መምህርቷ ጋ። ያቺ መምህርት ቤት ኪራይ ከፍላ በወሩ መጨረሻ በእግሯ ነው የምትመጣው። የመማሪያ መጽሐፍ ሳይታተም በስልክ በተላከ ኮፒ ያስተማረች ናት። እሷን አደባባይ ላይ ላውጣት? እኔ አላደርገውም።

ጡረተኛው፦ ለእናትየው የምትሰጪው መልስ ከሌለሽ አዎ፣ መምህርቷ ላይ መፍረድ ነው የሚሆነው። የማጠናከሪያ ትምህርት ትሰጡ የለም?

ዳይሬክተሯ፦ ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል። ፈተና ስላለባቸው።

ጡረተኛው፦ ለ2ኛና ለ3ኛ አድርጊው።

ዳይሬክተሯ፦ አሁን መጡ! እኔን ማን የሚለካኝ ይመስልዎታል? የ8ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ትምህርት ቤቶቹን ከአንድ ጀምሮ በተርታ ያስቀምጡንና ስብሰባ ላይ ያነቡታል። እኔም እኮ "ስንተኛ ወጣሽ?" ነው የምባለው ጋሼ። የ2ኛ ክፍል ልጅ አንብቦልኝ የሚታየው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ እኔ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬያለሁ።

(ይህን ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር፤ ወጣቱም ቀና ብሎ አያት። ዳይሬክተር በደረጃ እንደሚቀመጥ አስቦት አያውቅም መሰለኝ።)

ጡረተኛው፦ ይህንንም ቅዳሜ ተናገሪው።

ዳይሬክተሯ፦ ለወላጅ?

ጡረተኛው፦ ለወላጅ። ለ8ኛ ክፍል የምትሰጡት ትርፍ ሰዓት ከፊሉ ወደ 2ኛ ክፍል ይዙር ከተባለ የሚቀንሰው ከአንዳንዱ ሰው ልጅ ነው። አንቺ ብቻሽን ከወሰንሽው ይከሱሻል። እነሱ ተከራክረው ከወሰኑት ወረዳው ሲመጣ ቃለ ጉባኤ አለሽ። ለአንዴም ቢሆን የሚረባ ቃለ ጉባኤ እጽፍልሻለሁ።

ዳይሬክተሯ፦ የ8ኛ ክፍል ወላጆች እሺ አይሉም።

ጡረተኛው፦ አይሉ ይሆናል። ከፊሉን ሰዓት እንኳ ያተርፉልሽ ይሆናል። በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ መስሎሽ ነው? የዱራሜዎቹ ስንት ጊዜ ተጣልተው ተመለሱበት አላልሽኝም?

ዳይሬክተሯ፦ "ምን ቸገራችሁ?" ብዬ ስጀምር አጥር ነው የቸገረን ቢሉስ?

ጡረተኛው፦ አጥሩ ይሠራላ። ድልድዩን የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ።

ወጣቱ፦ አጥሩን እኛም እናግዛለን፤ ቆርቆሮ መምታት አያቅተንም። ወረቀቷን ግን አስቀድማችሁ ስጡን። መጀመሪያ እርስ በርሳችን ማንበብ አለብን፤ ተዛማጅ ፊደል ላይ የሚያደናቅፈን አለን።

ዳይሬክተሯ፦ እሺ። እንዲህ እናድርግ። እሑድ ከመድረሱ በፊት ሰኞ ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍል መምህራን ጋር ልቀመጥ። ገጿን የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚያስነብቡትም እነሱ ናቸው፤ የልጆቹን ነገር ከወላጅ አፍ መስማት የለባቸውም። እነሱ እምቢ ካሉ ግን እደውልልዎታለሁ፤ ያኔ እሑድ የድሮውን አጀንዳ ይናገሩልኝ።

ጡረተኛው፦ እምቢ ካሉ ለምን እንዳሉ ጽፈሽ ላኪልኝ። እሱንም ለዕድርተኛው አነባለሁ።